የተማሪዎች የጋራ ሥዕል ትርኢት ለማን ይሰቀላል?

የትምህርት ዘመኑ ሊገባደድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በየትምህርት ቤቱ የሚታየው ግርግር የታወቀ ነው። አንድ መማሪያ ክፍል ይመረጥና ዴስኮቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ግድግዳው ይጠረጋል፤ ዓመቱን ሙሉ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት የኖረው የተማሪዎች ሥዕልና የእጅ ሥራ አቧራው ተራግፎ በአንድ ሌሊት ይሰቀላል። በማግሥቱ የክብር እንግዳው ሪባን ይቆርጣሉ፤ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በፍጥነት ይዘዋወራሉ፤ በእንግዶች መዝገብ ላይ ጥቂት የማበረታቻ ቃላት ያሰፍራሉ። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ይዘጋል። ሥዕሎቹ ወደ ቁም ሣጥኑ ይመለሳሉ፤ የማይመለሱም አሉ። ሥዕሉን የሠራው ተማሪ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከበሩ ውጭ ሰልፍ ይዞ እያጨበጨበ ነው።

እንዲህ ያለው ትርኢት ሲወቀስ የሚሰማው በሥዕሎቹ ደካማነት ነው። ተማሪዎቹ ከቀን መቁጠሪያ ገልብጠዋል፣ ቀለም አባክነዋል፣ የሰው መጠን አላወቁም ይባላል። ወቀሳው መድረስ ያለበት ግን ከልጆቹ እጅ ይልቅ ወደ ግድግዳው ነው። ማን መረጠ? በምን ቅደም ተከተል ተሰቀለ? በምን ያህል ከፍታ? በየትኛው ቀን? ማን እንዲያየው? እነዚህ ጥያቄዎች ከሥዕሉ ሥራ ያልተናነሰ ትምህርት የያዙ ሲሆኑ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች መልሳቸው የሚሰጠው ሕፃናቱ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው።

የተማሪዎችን ሥራ በአንድነት ለሕዝብ የማሳየት ልማድ በዘመናዊው የኢትዮጵያ ትምህርት ውስጥ ጎልቶ የታየው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋሙት ይህ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም በይፋ ተከፈተ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል። በዓመቱ መጨረሻ የሚዘጋጀው የተማሪዎች ትርኢት የትምህርት ቤቱ መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ለተመራቂው ተማሪ ትርኢቱ ከፈተና የሚቆጠር ነው። ሸራውን የሚወጥር፣ ክፈፉን የሚገጥም፣ ሚስማሩን የሚመታ፣ ከጓደኛው ጋር በግድግዳ የሚከራከር ራሱ ነው። ሥዕሉ ከአጠገቡ ባለው ሥዕል ተውጦ እንደሚጠፋ ወይም ተደግፎ እንደሚቆም የሚያየው በዚያች ዕለት ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያስረዳ መምህር የለም፤ ቢኖርም አይገባም።

ክፍለ ሀገሩ ከዚህ ልማድ የወሰደው ግን ሪባኑን ነው፤ መዶሻውን እዚያው ትቶታል። የክብር እንግዳ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የእንግዶች መዝገብ፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ሽልማት እንዳሉ ሲሸጋገሩ ተማሪው የራሱን ሥራ የሚመርጥበት፣ የሚያስቀምጥበትና ስለ ሥራው የሚጠየቅበት ክፍል ቀረ። ነገሩ እንዲህ የሆነው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ሥዕል እንዲያስተምር የሚመደበው መምህር በብዙ ቦታ የሌላ ትምህርት መምህር ነው፤ ትርኢት እንዴት እንደሚሰናዳ ሲሠለጥን አልተነገረውም። እርሱም የሚያውቀውን በዓል ያዘጋጃል።

ተመልካች ባልተዘጋጀበት ሥዕል መስቀል ምን እንደሚያስከትል የአዲስ አበባው ታሪክ ራሱ ያሳያል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1955 ዓ.ም ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያቀርብ ረቂቅ ሥዕሎቹ ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። ክርክሩ በራሱ ክፉ አልነበረም። ሠዓሊው በሕይወት ነበረ፤ መምህር ነበረ፤ ስለ ሥራው መናገርም ይችል ነበር። በአንድ ወረዳ ትምህርት ቤት ግን የሰባተኛ ክፍል ልጅ የሠራው ሥዕል በተሰቀለበት ክፍል ተመልካቹ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ አይገኝም፤ ልጁ ውጭ ነዋ!

ነገሩን ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ ማየት ይጠቅማል። ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳትርቅ በጮቄ ተራራ አቅጣጫ ያለች፣ ገብስና ድንች የሚበቅልባት የደጋ ከተማ ናት። ጋለሪ የላትም፤ ሊኖራትም አይጠበቅም። ስሟ ግን ለትምህርት ዕቅድ አውጪ አንድ ነገር ይነግረዋል። የአካባቢው ገበሬ ወደ ከተማዋ የሚወርደው ረቡዕ ቀን ነው። የወላጆች በዓል ዓርብ ወይም ቅዳሜ ተብሎ ደብዳቤ ሲበተን ወላጁ ለአንዲት ሰዓት ትርኢት ሲል የእርሻ ቀኑን ፈትቶ እንዲመጣ ይጠየቃል። አይመጣም። ባለመምጣቱም «ኅብረተሰቡ ለሥነ ጥበብ ያለው ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በሪፖርቱ ይሰፍራል። ትርኢቱ ረቡዕ ቢከፈት ኖሮ ያው ወላጅ ጨውና ላምባ ገዝቶ ሲመለስ፣ አህያውን ከአጥር አስሮ፣ ዱላውን ከበሩ አስደግፎ በገባ ነበር።

የወሩም ምርጫ እንደዚሁ ነው። ትርኢቱ በልማድ የሚውለው በሰኔ ሲሆን በጎጃም ደጋ ሰኔ የዝናብ መግቢያ፣ የማሳም ሥራ የሚፋፋምበት ወር ነው። ወረቀት እርጥበት ጠጥቶ ይጠቀለላል፤ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈው ከጭቃ ግድግዳ እየተላቀቀ ይወድቃል፤ መንገዱ ይጨቀያል። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ በሚገባደድበት በጥር ወር ግን ወላጁም ወረቀቱም ይደርቃል። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ የአካባቢውን መምህር መጠየቅ ይበቃል።

ስለ ተመልካቹ የሚነገረው «አያውቅም» የሚለው አስተያየት ከሁሉ ይልቅ መፈተን ያለበት ነው። የጎጃም ገበሬ ከልጅነቱ ጀምሮ ግድግዳ ሲያነብ ያደገ ሰው ነው። ክብ ሆነው በተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ የሚገኘው በመካከል ባለው በአራት ማዕዘኑ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ሲሆን ምእመኑ እየዞረ ያየዋል። ሰይፍ የመዘዙ መላእክት በመቅደሱ በር ይቆማሉ፤ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ዘንዶውን ይወጋል፤ እመቤታችን ልጇን እንደ ታቀፈች የራሷ ስፍራ አላት። ይህ ሁሉ በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። ቦታው የሥዕሉ ትርጉም ክፍል ነው፤ የበሩ መላእክት ወደ ጓዳ ቢዛወሩ ጠባቂነታቸው ይቀራል። ሥዕሉ ራሱ ብዙ ጊዜ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ ሠዓሊው የግድግዳውን ልክና የብርሃኑን አገባብ አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ትርኢት ማቀድ ማለት ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። በደብረ ማርቆስ፣ ያኔ መንቆረር ትባል በነበረችው ከተማ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ሠዓሊም ታሪክ ጸሐፊም እንደ ነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሥዕልና ጽሕፈት በአንድ ሰው እጅ የሚገናኙበት አገር ነው።

የእነዚህ ሥዕሎች የጽሑፍ መግለጫም ለመምህሩ ትምህርት ይሆናል። በትምህርት ቤት ትርኢት ከሥዕሉ ሥር የሚለጠፈው ወረቀት «ስም፣ ክፍል፣ ተራ ቁጥር» ይላል። ተራ ቁጥሩ ከመዝገብ የመጣ ነው፤ ለሥዕሉ የሚጨምረው ነገር የለም። በቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል አጠገብ የሚገኘው የግዕዝ ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ እንደ ሆነ፣ እንዲህ እንዳደረገ ማለት ነው። ድርጊቱን ይናገራል። የአምስተኛ ክፍል ተማሪም በገዛ እጁ «አያቴ ገብስ ስትቆላ፤ ጢሱ ዐይኗን ስላስለቀሳት ፊቷን አዙራለች» ብሎ ቢጽፍ ተመልካቹ የዞረውን ፊት ስሕተት ነው ብሎ አያልፈውም። ይህ የአማርኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም።

ስለ ሒስም ቢሆን ሩቅ መሄድ አያሻም። ዋሸራና ጎንጅ በሚጠሩበት በጎጃም ምድር የቅኔ ተማሪ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያም መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ የሚቀበለውን ይቀበላል፣ የተሰበረውን ያቀናል፤ ሌሎቹ ተማሪዎችም ያዳምጣሉ። ስሕተቱ የሚታረመው በጉባኤ ነው፤ ተማሪው በዚህ አይዋረድም፤ የአንዱ ስሕተት የሁሉ ትምህርት ይሆናል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ትርኢት ግን የሥዕል ሒስ ቦታ በሽልማት ተተክቷል። ሦስት ሥዕሎች ቀይ ወረቀት ይለጠፍባቸዋል፤ የተቀሩት ባለቤቶች ለምን እንደ ቀሩ ሳይነገራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። የተሸለመውም ለምን እንደ ተሸለመ አያውቅም። እንዲያውም የባሰው እርሱ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሥዕል መልሶ ይሠራል።

የምርጫው ጉዳይ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። ርዝመቱ 8 ወርዱ 7 ሜትር የሆነ መማሪያ ክፍል ለአብነት ይወሰድ። የግድግዳው ዙሪያ 30 ሜትር ነው። በሩ፣ መስኮቶቹና ጥቁር ሰሌዳው 12 ሜትር ያህል ቢይዙ ለመስቀያ የሚተርፈው 18 ሜትር ነው። ወርዱ 42 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ከጎረቤቱ በ18 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲሰቀል 60 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ ክፍሉ በአንድ ረድፍ የሚችለው 30 ሥዕል ነው። በክፍሉ 60 ተማሪ ካለ ግማሹ ቦታ የለውም። በተግባር የሚደረገው ሁሉንም በሦስትና በአራት ረድፍ እስከ ጣሪያው መደርደር ነው። በአውሮፓ በ19ኛው መቶ ዓመት የፓሪሱ ታላቅ ትርኢት እንዲሁ ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ይሞላ ነበር፤ ከጣሪያው አጠገብ የተሰቀለበት ሠዓሊም እንደ ተቀጣ ይቆጥረው ነበር። ኋላ የመጣው ነጭና ባዶ የጋለሪ ግድግዳ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ብራያን ኦዶኸርቲ የተባለው ጸሐፊ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው መጣጥፎች ያ ነጭ ክፍል ዝም ብሎ መያዣ አለመሆኑን፣ ሥዕሉን ከሕይወት ነጥሎ የሚያስከብር ኃይል መሆኑን ተችቷል። ለሮብ ገበያ ሁለቱም አይሆኑም።

የሚሆነው ምናልባት ይህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በመንፈቁ ከሠራቸው ሦስት ሥዕሎችን ያቀርባል፤ ከሦስቱ አንዱን ራሱ ይመርጣል፤ ለምን እንደ መረጠውም ለክፍሉ ይናገራል። ሥላሳው ሥዕል በአንደኛው ረቡዕ፣ ሥላሳው በሁለተኛው ረቡዕ ይሰቀላል። ማንም አይቀርም፤ ግድግዳውም አይጨናነቅም። የሚቀረው የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው፤ እርሱም በዕጣ ለወጡ አምስት ተማሪዎች ይተዋል። መምህሩ የጸሐፊነቱን ሥራ ይይዛል። አምስቱ ወረቀቶቹን መሬት ላይ ዘርግተው ሲከራከሩ፣ የገበያውን ሥዕል ከቀብሩ ሥዕል አጠገብ እናድርገው አናድርገው ሲባባሉ የሚሰማ ሱፐርቫይዘር በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «ንጽጽር» እና «ሚዛን» ተብለው የተጻፉት ቃላት ሲሠሩ ያያል። ጆን ዲዊ በ1934 እ.ኤ.አ. ስለ ጥበብና ልምድ ባሳተመው መጽሐፉ ጥበብ ከዕለት ኑሮ ተነጥሎ በሙዚየም ሲቆለፍ የሚያጣውን ነገር የገለጸው ለአሜሪካ አንባቢ ነበር፤ ሥዕሉን በቁም ሣጥን ለቆለፈ ትምህርት ቤትም ነገሩ አይርቅም።

ከፍታን በሚመለከት አብዛኞቹ ጋለሪዎች የሥዕሉን መካከል ከወለሉ ከ145 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ያደርጉታል። ይህ ለቆመ ጎልማሳ ዐይን የተሰላ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ዐይን ከ110 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የታናናሾቹ ክፍል ትርኢት በእንግዶቹ ቁመት ሲሰቀል ሠዓሊዎቹ የገዛ ሥራቸውን አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ። የክብር እንግዳው ጥቂት ቢያጎነብሱ ምንም አይጎዳቸውም።

መስቀያውስ? በጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ልስኑን ያረግፋል። ከማገር ማገር የተወጠረ ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ፣ መቆንጠጫ ከሌለም ከመስክ የተለቀመ እሾህ፣ ይበቃል። ከሥዕሉ ጀርባ የሚደረግ ካርቶን እርጥበት ያግዳል። በመስኮቱ የሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይ በውሃ ቀለም የተሠራውን ያደበዝዛል፤ በከሰል የተሠራው ግን ይችለዋል፤ ስለዚህ የከሰሉ ሥዕል ወደ መስኮቱ ይጠጋል። በ1970ዎቹ ዓመታት በየአውራጃው የተቋቋሙት የፔዳጎጂ ማዕከላት የማስተማሪያ መርጃ ከአካባቢ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ለመምህራን ያሳዩ ነበር። አውራጃው ቢቀርም ያ ዕውቀት በአንጋፋ መምህራን ዘንድ ይገኛል፤ የጉድኝት ማዕከላትም ሊወርሱት ይገባ ነበር። ሆኖም የእነዚያ ማዕከላት ልማድ አንድ ጉድለት ነበረው። «በተማሪዎች የተሠራ» ተብሎ ለጎብኚ የሚቀርበው ካርታና ሞዴል በአብዛኛው የመምህሩ እጅ የዳሰሰው ነበር። ይህ ጉድለት እስከ ዛሬ ዘልቋል። በአንድ ሕፃን ሥዕል ላይ የጎልማሳ እጅ ያሰመረው ቀጥ ያለ መስመር ሲታይ ከሩቅ ይታወቃል፤ ልጁም ያውቃል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥዕሉ የእርሱ አይደለም።

«ትምህርት ቤት መክፈት በተቸገረበት ጊዜ ስለ ሥዕል አሰቃቀል መነጋገር ቅንጦት ነው» የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል፤ ቀላል መቃወሚያም አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ እጅግ ብዙ ሕፃናትም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ወረቀትና እርሳስ ራሱ በጠፋበት ቦታ ክፈፍ መጠየቅ ማላገጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከላይ የተነገረው አንዱም በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው የቀን ለውጥና የሥልጣን ለውጥ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በ2014 ዓ.ም ተሞክሮ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባትን የመደበኛ ትምህርት አካል አድርጓል። በመጽሐፍ የገባ ትምህርት በፈተና ወረቀት ብቻ የሚለካ ከሆነ ተማሪው የቀለማትን ስም ሸምድዶ ያልፋል። ከወራት መዘጋት በኋላ በሚከፈት ትምህርት ቤት ደግሞ ወላጁ ልጁን እንደገና ለመላክ ማመንታቱ አይቀርም። ያ ወላጅ ረቡዕ ዕለት ገብቶ የልጁን ስም ከግድግዳ ላይ፣ ከልጁ ሥራ ሥር፣ በልጁ እጅ ተጽፎ ቢያይ የሚሰማው ነገር በስብሰባ ከሚነገረው ቅስቀሳ ጋር አይወዳደርም።

ዕቅድ አውጪዎች በጣም የሚረሱት የትርኢቱ ክፍል ማውረዱ ነው። በየትኛውም የትርኢት መርሐ ግብር ላይ የመክፈቻው ሰዓት ይጻፋል፤ የማውረጃው አይጻፍም። ሥዕሉ ለማን ይሰጣል? በቁም ሣጥን ከመቆለፉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። ለትምህርት ቤቱ መዝገብ ጥቂቶች በባለቤቶቹ ፈቃድ ሊቀሩ ይችላሉ፤ የቀሩት ግን ቤታቸው ይግቡ። በሁለተኛው ረቡዕ ማምሻ አምስቱ ተማሪዎች ሲባጎውን ጠቅልለው፣ መቆንጠጫውን ቆጥረው ሲያስረክቡ፣ ሥዕሎቹ ተጠቅልለው በአባትና በእናት ዕቃ መካከል ሽቅብ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ይሄዳሉ። እቤት የሚጠብቀው ግድግዳ ጢስ ያጠቆረው ነው። በዚያች ሌሊት ሥዕሉን ከምድጃው በራቀው በኩል፣ ታናሽ እኅት ቆማ ልታየው በምትችልበት ከፍታ ለመስቀል የሚያውቅ አንድ ሰው በቤቱ አለ።